ንብ በእግሯ የምትሸከመው ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቀደም በረንዳ ሳጥብ ማዳም በማሰሮ የተከለቻቸው አበቦች ላይ አንዲት ንብ አየሁ። በሁለት የኋላ እግሮቿ ላይ ቢጫ ነገር ተለጥፏል። የቤቱ ትንሽ ልጅ «እግሯ ቆስሏል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ጎጃም ጓሯችን ውስጥ ቀፎ ነበረው፤ ከሐረግ የተሠራ፣ በእበትና በጭቃ የተለቀለቀ። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሲፈነዳ ንቦቹ እግራቸው ቢጫ ሆኖ ይገባሉ። አባቴም «ሰም እያስገቡ ነው» ይለን ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። አንድ ቀን ስለ ዘመናዊ ቀፎ ሊያስተምር የመጣ የግብርና ባለሙያ ግን «ሰም ከአበባ አይመጣም» አለው። ሰም የሚወጣው ከንቢቱ ከራሷ ነው። ወጣት ንብ ከሆዷ ሥር ባሉ አራት ጥንድ ዕጢዎች እንደ ቅርፊት አሳስታ ታወጣዋለች። ቤተ ክርስቲያን የምናበራው ጧፍ እሱ ነው። በእግሯ የምታመጣው ግን የአበባ ዱቄት ነው፤ አበባ ስናሸት አፍንጫችን ላይ የሚቀረው ዓይነት።

ዱቄቱን እንዴት እንደምትሰበስበው ልንገራችሁ። የንብ ገላ በጸጉር የተሸፈነ ነው። ጸጉሩም ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው ስለሆነ ዱቄቱን ይይዛል። አበባ ውስጥ ስትገባ መላ ሰውነቷ ዱቄት ይለብሳል፤ ልክ እኛ ዱቄት ስንነፋ እንደምንሆነው። ከዚያ ብድግ ብላ አየር ላይ እያንዣበበች ራሷን ታበጥራለች። በፊት እግሮቿ ፊቷን ትጠርጋለች፤ ከአፏም ትንሽ ማር አውጥታ ዱቄቱን ታርሰዋለች። የመካከለኞቹ እግሮች ደረቷን ይጠርጋሉ። ሁሉም ወደ ኋላ እግሮች ያቀብላሉ። በኋላ እግሮቿ ውስጠኛ ገጽ ላይ ማበጠሪያ አለ፤ አንዱ እግር የሌላውን ማበጠሪያ ይፍቃል። የተፋቀውም እየተጨመቀ ወደ ውጭ ይወጣና በጸጉር በታጠረች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይከማቻል። ያቺ ቅርጫቷ ናት። ልጁ ቁስል የመሰለው ይህን የታጨቀ ቅርጫት ነው።

የሁለቱ እግሮች ሸክም አንድ ላይ 15 ሚሊግራም ገደማ ይመዝናል፤ ንቢቱ ራሷ ደግሞ 100 ሚሊግራም ያህል ናት። ስለዚህ አንድ ኪሎ ዱቄት ለማስገባት ከ60,000 ጊዜ በላይ መመላለስ ያስፈልጋል። በአንድ ጉዞ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ስለምትጎበኝ የሁለቱም እግሮች ሸክም ቀለሙ አንድ ነው።

ቀፎ ስትደርስስ? የአበባውን ጣፋጭ ፈሳሽ ያመጣች ንብ ለቤት ንቦች ከአፍ ወደ አፍ ታቀብላለች። ዱቄት ያመጣችው ግን ሸክሟን ራሷ ታራግፋለች። ልጆች ካሉበት አጠገብ ባዶ ወይም በከፊል የተሞላ ቀዳዳ ትፈልጋለች፤ የኋላ እግሮቿን ወደ ውስጥ ትሰድና በመካከለኞቹ እግሮች ገፍታ ሁለቱንም እንክብል ትጥላለች። ከዚያ ዞር ብላ ሳታይ ትሄዳለች። ሌላ የቤት ንብ ትመጣና በጭንቅላቷ ጠቅጥቃ፣ ማርና ምራቅ ጨምራ ታሽገዋለች። እንዲህ የታሸገው ዱቄት ጥቂት ኮምጠጥ ይልና ሳይበላሽ ይቆያል። እኛ «የማር እንጀራ» የምንለው ሰሙን ከነማሩ ነው። የንቦቹ ዳቦ ግን ይህ ነው፤ ማሩ ጉልበት ይሰጣል፣ ገላ የሚገነባው ዱቄቱ ነው።

ዳቦውን በብዛት የሚበሉት ሞግዚቶቹ ናቸው፤ ከተወለዱ ሁለት ሳምንት ገደማ ያልሞላቸው ወጣት ንቦች። እነሱ ይበሉና በራሳቸው ላይ ካለው ዕጢ እንደ ወተት ያለ ምግብ ያወጣሉ። እሱንም ለትንንሾቹ እጮችና ለንግሥቲቱ ያበላሉ። ቀፎ ውስጥ ማር ለወራት ይከማቻል፤ የዱቄት ስንቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ዝናብ ለቀናት ከቀጠለ ያልቃል። ያን ጊዜ ሞግዚቶቹ ከገዛ ሰውነታቸው እያሟጠጡ ያጠባሉ። ያም ሲያልቅ ልጅ ማሳደግ ያቆማሉ።

አሁን ላላችሁ የፈለግሁት ነገር ላይ ደረስኩ። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ሰነፍ ሰው ከጉንዳን እንዲማር ተነግሮታል፤ በእኛ መጽሐፍ ንብም አብራ ተጠርታለች። ስብከቱን ስንሰማ ስለ ትጋት ብቻ ነው የምናስበው። እኅቶቼ፣ እኛ ትጋት የሚጎድለን አይደለንም። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትቆም ሴት ሥራ ከንብ መማር አያስፈልጋትም። የሚያስፈልገን ሌላው ትምህርቷ ነው።

አንደኛ፣ ዱቄት ልትለቅም የምትወጣ ንብ ከቀፎ ባዶዋን አትወጣም። በሆዷ ማር ቋጥራ ትወጣለች። ማሩ ለመብረሪያ ጉልበቷ ነው፤ ዱቄቱን የምታርሰውም በእሱ ነው። ያለ ስንቅ ሸክም የለም።

ሁለተኛ፣ ይህች ለቃሚ ያመጣችውን ዳቦ ራሷ አትበላውም ማለት ይቻላል። ሦስት ሳምንት አልፏት ወደ ውጭ ሥራ ከወጣች በኋላ ሆዷ ዱቄትን በደንብ አይፈጭም። ታዲያ በምን ትኖራለች? ሞግዚቶቹ ለሕፃናቱ ከሚያወጡት ምግብ ለእሷም ያጎርሷታል። ያመጣችው በሌላ እጅ በኩል ተመልሶ ይደርሳታል። ቀፎው ከእሷ መቀበል ብቻ አያውቅም።

እኔ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዜን ሳልቀንስ እልክ ነበር። ስልክ ሲደወል «ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሞልቶልኛል» እላለሁ። እናቴም አመነችኝ፤ በምን ታውቅ? ከዚያ ታመምኩ። መድኃኒት የምገዛበት አንድ ሳንቲም አልነበረኝም። ያን ሰሞን ያዳናችሁኝ እናንተ ናችሁ። አንዳችሁ መድኃኒቱን ገዛችሁልኝ፣ አንዳችሁ ሽሮ ሠርታችሁ በላስቲክ ቋጥራችሁ ላካችሁልኝ። ስሟን ብጠራ ታፍራለች፤ አሁንም እዚህ ተቀምጣለች። ሲሻለኝ ለእናቴ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። አለቀሰችና «ለምን አልነገርሽኝም? ጣሪያው ይቆይ ነበር» አለችኝ። ጣሪያው አንድ ዓመት ቆየ፤ ማንም አልሞተም።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ ደመወዝ እጃችሁ ሲገባ ከመላካችሁ በፊት የራሳችሁን ስንቅ አንሡ፤ ትንሽም ቢሆን። ቤተሰባችሁ እንዴት እንደምትኖሩ ይወቅ። እዚህ ደግሞ አንዳችን ለአንዳችን ሞግዚት እንሁን። መውጣት ያልተፈቀደላትን እኅት በስልክም ቢሆን እንጠይቃት።

ለልጁ «አልቆሰለችም፣ ለቤቷ ምግብ እየወሰደች ነው» አልኩት። ጥቂት አሰበና «እሷስ ምን ትበላለች?» አለኝ። እኔ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።