የኮከብ ማጣሪያና የዓይናችን ጤና

ማታ በዱባይ ክሪክ ዳር በተነሣ ፊልም ላይ የጀልባው አምፖልና ከዴይራ ወገን ያለው መብራት ሁሉ ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት ጨረር ኮከብ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያደርገው በካሜራው ሌንስ ፊት የሚገባ የኮከብ ማጣሪያ የሚባል መስተዋት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቴሌቪዥን የሙዚቃ ዝግጅቶች በብዛት ይታይ ነበር።

በመስተዋቱ ላይ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ተጭረዋል። ብርሃን በእነርሱ ሲያልፍ መስመሮቹን በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ በግራና በቀኝ ይዘረጋል። ስለዚህ አንድ ረድፍ መስመር ሁለት ጨረር፣ ሁለት የሚቋረጡ ረድፎች አራት፣ ሦስት ረድፎች ደግሞ ስድስት ጨረር ይሰጣሉ። ይህን ለማረጋገጥ የስልክን ካሜራ ቅባት በነካ ጣት ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ አብሶ መብራት ማየት ይበቃል፤ ጨረሩ ወደ ጎን ይወጣል።

በማኅበራችን በዓል ፊልም ለምታነሡ ሦስት ነገሮች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ መብራቱ ትንሽና ደማቅ፣ ከበስተኋላው ያለው ጨለማ ይሁን። ሻማና በውኃ ላይ የሚያብለጨልጭ ብርሃን ይስማማዋል፤ ሰፊ የሱቅ መስኮት ግን ይደበዝዛል እንጂ ኮከብ አያወጣም።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያው ሲዞር ኮከቡም ይዞራል። አንዳንድ ሌንስ ርቀት ሲስተካከል ፊቱ ስለሚዞር ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ርቀቱን መወሰን ያሻል።

ሦስተኛ፣ ማጣሪያው የምስሉን ጥራት ስለሚቀንስ ለጥቂት ትዕይንት ብቻ ይዋል።

የዓይናችንም ነገር እንዲሁ ነው። ብርሃን የሚያልፍበት አካል ሲደፈርስ ወይም ሲጫር ብርሃኑ ይበተናል። የዓይን ሞራ የያዘው ሰው ማታ በመብራት ዙሪያ ጨረርና ጮራ የሚያየው ለዚህ ነው። ትራኮማ በጸናባቸው አካባቢዎች፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት የዓይኑን ፊት እየፋቀ ጠባሳ ይተዋል።

ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። የሽፋሽፍቱም መታጠፍ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ጠባሳው ግን አንዴ ከተፈጠረ በዚህ አይጠፋም። ስለዚህ መዘግየት አይገባም። አገር ቤት ስትደውሉ እናት አባቶቻችሁን፣ «ማታ መብራት ሲያዩ ጨረሩ ይበተንብዎታል? ሽፋሽፍትዎስ ይወጋዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎን ካሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም እንዲሄዱ አድርጉ።