መስቀል በሁለት ሰዎች መካከል



የምንኖርበት ሰፈር ብስራተ ገብርኤል ይባላል። ስሙን በየቀኑ በታክሲ ውስጥ እንጠራዋለን፤ «ብስራተ ገብርኤል ወራጅ አለ» እንላለን። ዳሩ ግን ትርጓሜው ምን እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚያስብ ተማሪ ብዙ አይመስለኝም። ብስራት ማለት የምሥራች ማለት ነው። መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ጌታ ከእርስዋ እንደሚወለድ ያበሠረበት ቀን መጋቢት 29 ነው። ይህ ቀን ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ጾሙም የኀዘንና የንስሐ ወራት ስለ ሆነ፥ በዓሉ በሙሉ ደስታ እንዲከበር ታኅሣሥ 22 ቀን ደግሞ ተሠርቶለታል። ይህንንም ሥርዓት የሠራው ደቅስዮስ የተባለው ኤጲስ ቆጶስ መሆኑ በስንክሳር ይነገራል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን መጋቢት ራሱ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር መጋቢት 10 ንግሥት እሌኒ የጌታን መስቀል ያገኘችበት፥ መጋቢት 27 ጌታ የተሰቀለበት፥ መጋቢት 29 ደግሞ ብስራቱም ትንሣኤውም የሚታሰቡበት ቀን ነው። ስለዚህ በምሥራቹና በመስቀሉ መካከል ያለው የሁለት ቀን መንገድ ብቻ ነው። የሰፈራችንን ስም ይዤ ስለ መስቀል ብጽፍ ከርእሴ ወጣሁ የሚለኝ ሰው የሚኖር አይመስለኝም።

ለማስረዳት የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ይኸውም መስቀል በአገራችን ልማድ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይታወቅም፤ ሁልጊዜ በሁለት ሰዎች መካከል ይገኛል።

እስቲ ከሕፃንነት እንጀምር። ልጅ ሲወለድ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፥ ሴት ከሆነች በ80 ቀንዋ ይጠመቃል። ያን ጊዜ ማተብ ይታሰርለታል፤ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ይቆሙለታል። ራሱን አጥምቆ፥ ለራሱም ማተብ አስሮ ክርስቲያን የሆነ ሰው የለም። ሁላችንም በአንገታችን የያዝነውን ክር ሌላ ሰው ነው ያሰረልን። ካደግን በኋላም እንዲሁ ነው። ካህን ስናገኝ ጎንበስ እንላለን፤ እርሱም የእጅ መስቀሉን ግንባራችንን አስነክቶ ያሳልመናል። ሁለት ካህናት መንገድ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ ደግሞ አንዱ የሌላውን መስቀል ይሳለማል። እጁ ላይ መስቀል ያለው ካህን እንኳ የባልንጀራውን መስቀል ይፈልጋል ማለት ነው።

መስቀል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የአደባባይ ምልክት ሆኖአል። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ሲቀበል፥ በፊት ጨረቃ ይታተምበት በነበረው ገንዘቡ ላይ መስቀል አሳተመ። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘብ ላይ ካሳተሙት ከመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ እርሱ ነው። ልብ በሉ፤ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ነገር ነው። ንጉሡ መስቀሉን በሻጭና በገዢ መካከል አኖረው ማለት እንችላለን፤ በእርግጥ ይህ የእኔ አስተያየት እንጂ የታሪክ ጸሐፊዎች ቃል አይደለም።

አሁን ወደ ቅዳሴው ልምጣ። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «እኔ ቤቴ እጸልያለሁ፤ ስብከትም በስልኬ እሰማለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መጋፋት ምን ያደርግልኛል?» ይሉኛል። ነገሩ የሚናቅ አይደለም። የታመሙና ያረጁ ሰዎች ከአልጋቸው ሳይነሡ ትምህርት የሚሰሙበት ዘመን መምጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ብንመለከት፥ አንድ ቄስ ብቻውን መቀደስ አይችልም። ምንም ያህል የተማረ፥ ምንም ያህል ጻድቅ ቢሆን አይችልም። ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። አንድ ዲያቆን የጎደለ እንደ ሆነ ሌላ እስኪገኝ ይጠበቃል። ከዚያም በላይ ሕዝቡ የሚመልሰው ተሰጥኦ አለ፤ ካህኑ ብቻውን ተናግሮ ብቻውን አይመልስም። እንግዲህ ካህኑ እንኳ ብቻውን የማይችለውን ነገር እኛ ተማሪዎች ብቻችንን እንችላለን ማለታችን ያስቃል።

በቅዳሴው መካከል ደግሞ ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በግራና በቀኝ ላለው ጎንበስ ይላል። ይህ ለወጉ ያህል የተደረገ አይደለም። ከቁርባን በፊት የተቀመጠው የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ወደ መሥዋዕቱ እንዳይቀርብ ነው። በስልክ የሚሰብከው መምህር እግሬን አይረግጠኝም፤ ነጠላዬንም አይጎትትብኝም፤ ስለዚህ ከእርሱ ጋር የምታረቅበት ነገር የለኝም። በቤተ ክርስቲያን ግን አጠገቤ የሚቆመውን ሰው እኔ አልመርጠውም።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላም አብሮ መሆኑ አያልቅም። በሰንበት የሰንበቴው ዳቦና ጠላ አለ። በየወሩም በ12 የሚካኤል፥ በ19 የገብርኤል፥ በ21 የማርያም ማኅበር ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል፤ ሕዝቡን የሚመራ ስለ ሆነ መሰለኝ። ጽዋውን የተቀበለው ሰው በሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው። ሀብታም ቢሆን ድኃ ቢሆን ተራው ይደርሰዋል። በብስራተ ገብርኤል አካባቢ ብዙ ግቢ ከፍ ባለ አጥር የታጠረ ነው፤ በአጥሩ ማዶ ማን እንዳለ ሳናውቅ ዓመታት ይሄዳሉ። ማኅበር ያለው ሰው ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ጎረቤቱን ማስገባት ግድ ይሆንበታል።

የደመራውም ነገር እንደዚሁ ነው። እሌኒ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ ስትፈልግ ኪራኮስ የተባለ ሽማግሌ መክሯት ደመራ አስደምራ ዕጣን እንዳጨሰችበትና ጢሱ ስፍራውን እንዳመለከታት ይተረካል። እኛም መስከረም 16 ማታ የምናቃጥለው ደመራ ይህን ለማሰብ ነው። ከየቤቱ የመጣ ችቦ ተደምሮ ነው ደመራ የሚባለው፤ ስሙም የመጣው ከመደመር ነው። ሲነድ የማንኛው ቤት ችቦ እንደ ሆነ አይለይም። ጠዋት አመዱን ወስደን በግንባራችን ላይ የመስቀል ምልክት እናደርጋለን። በዓሉ በኅዳር 2006 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቶአል። በጉራጌና በጋሞ አገር ደግሞ ከመስቀል በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ መስቀልን መዋል እንደ ነውር ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ ለመስቀል ወደ አገሩ የሚሄደው የጉራጌ ልጅ ለክትፎ ብቻ የሚሄድ ለሚመስላቸው ጓደኞቼ ይህን መንገር እወዳለሁ።

ስለ መስቀል ሲነሣ ግሸንን ማለፍ አይቻልም። የግሸን አምባ በወሎ በአምባሰል ይገኛል፤ ራሱ አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው። በአፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገራችን መጣ የሚባለውን የጌታን ግማደ መስቀል ልጃቸው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በዚያ እንዳኖሩት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይናገራል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ይወጣል። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ግን ያው አምባ የነገሥታት ወንድሞችና ዘመዶች እንዳይሸፍቱ የሚጠበቁበት እስር ቤት እንደ ነበረ ነው። እስከ 16ኛው መቶ ዓመት፥ የግራኝ አሕመድ ሠራዊት አምባውን እስከ ያዘበት ጊዜ ድረስ፥ መሳፍንቱ በዚያ ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። ወንድም ወንድሙን የሚፈራበት ተራራና መስቀሉ ያረፈበት ተራራ አንድ ነው። የታሪክ መምህራችን ይህን በነገሩን ቀን ብዙ አሰብሁ። መስቀል የሚቀመጠው ሰዎች በተስማሙበት ቦታ ብቻ ይመስለኝ ነበርና።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 ክርስቶስ በመስቀሉ በሁለት ወገኖች መካከል የነበረውን ግድግዳ እንዳፈረሰ ያስተምራል። ይህ ግድግዳ እንዲያው ምሳሌ ብቻ አይደለም። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ አሕዛብን ከእስራኤል የሚለይ አጥር ነበረ፤ አልፎ የሚገባ አሕዛብ ሞት እንደሚገባው በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ ተጽፎበት ነበር። ከነዚህ ድንጋዮች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1871 በኢየሩሳሌም ተገኝቶ አሁን በኢስታንቡል ቤተ መዘክር ይገኛል።

ስለ ግድግዳ ካነሣሁ አይቀር በሰፈራችን ያየሁትን ልንገራችሁ። በእኛ ቤትና በጎረቤታችን ቤት መካከል በአሸንዳ ምክንያት ጠብ ተነሣ። የእነርሱ ጣራ ውሃ ወደ እኛ ግቢ ይወርድ ነበር፤ እኛ አጥር ጨመርን፤ እነርሱ ደግሞ ተቆጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቡና መጠራራት ቀረ። እናቴና የጎረቤታችን እመቤት እሑድ እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በሴቶች ወገን ይቆማሉ፤ የአንዱን ካህን መስቀል ተሳልመው በተለያየ በር ይወጣሉ። በኋላ የእድር ሽማግሌዎች ገቡበት። ከእነርሱም አንዱ ሐጂ ነበሩ፤ እድር በሃይማኖት አይለይምና። የንስሐ አባታችንም አብረው መጡ።

ሽማግሌዎቹ የአሸንዳውን ዋጋ ቆጥረው ሁለቱ ቤቶች እኩል እንዲከፍሉ ፈረዱ። ሒሳቡ አለቀ፤ ሰዎቹ ግን አልተያዩም። ያን ጊዜ አባ ተነሥተው መስቀላቸውን አውጥተው በሁለቱ ሴቶች መካከል ቆሙ።

«እኔ ማን እንደ በደለ አልጠይቅም» አሉ። «ይህን ተሳለሙ።»

እናቴ «አባቴ፥ እሷ ትቅደም» አለች።

«የለም ልጄ፥ ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ» አሉ አባ።

ሁለቱም ጎነበሱ። እኔ ቡና ላቀርብ ቆሜ ሳለሁ ያስተዋልሁት ይህ ነው። ለመስቀል ማጎንበስ ለጎረቤት ማጎንበስ አይደለም፤ ስለዚህ አንዳቸውም ሳያፍሩ ጎነበሱ። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው በጣም ቅርብ ለቅርብ ነበረ። እመቤቲቱ «እትዬ፥ እንዲህ ሸበትሽ እንዴ?» አለቻት፤ እናቴም ሳቀች። ሐጂውም «በሉ እንግዲህ ቡናው ይምጣ» አሉ። አጥሩ እስከ ዛሬ አልፈረሰም፤ አሸንዳው ግን ተሠርቶአል፤ እኔም ወደዚያ ቤት ሄጄ ከልጃቸው ጋር ሒሳብ አጠናለሁ።

በድሮ ዘመን ቀሳውስት መስቀል ይዘው በሁለት በተሰለፈ ጦር መካከል ይገቡ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ሲናገሩ እሰማ ነበር። በአንድ አሸንዳ ምክንያት ካየሁት በኋላ ነገሩ ይገባኛል። ሽማግሌ የበደልን ልክ ይቆጥራል፤ ይህም አስፈላጊ ነው፤ ውሃው ሳይገደብ እርቅ ቢባል በሚቀጥለው ክረምት ጠቡ ይመለስ ነበር። መስቀሉ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሒሳብ ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ኩራት ማለቴ ነው።

ይህ ነገር በትንሽ ቤት ብቻ አይደለም የደረሰው። ቤተ ክርስቲያናችን ራስዋ ለ26 ዓመታት ያህል በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ነበር። መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከተለወጠ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ለቀው ወደ ውጭ አገር ወጡ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ በአዲስ አበባ ተሾሙ። በውጭ አገር ያለው ወገናችንም የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፥ የስደቱ ሲኖዶስ፥ ገለልተኛ እየተባለ በሦስት ተለየ። ሃይማኖቱ አንድ፥ ቅዳሴው አንድ፥ መስቀሉም አንድ ሆኖ ሳለ ሰዎች አንዱ የሌላውን ደጅ ሳይረግጡ ይኖሩ ነበር። በመጨረሻ ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. በዋሺንግተን እርቁ ተፈጸመ። አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን ይዘው፥ አቡነ መርቆሬዎስ ደግሞ በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ ተወሰነ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ የሁለቱ አባቶች ስም በቅዳሴ አብሮ ይጠራ ነበር።

አክስቴ በዋሺንግተን ነው የምትኖረው። ለብዙ ዓመት እሑድ እሑድ በቤትዋ አጠገብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን እያለፈች ራቅ ወዳለው ትሄድ ነበር፤ ባልንጀሮችዋ እንዳይታዘቧት። ከእርቁ በኋላ በነበረው በመጀመሪያው ሰንበት ወደ ቅርቡ ገባች። ለእናቴ ስልክ ደውላ ስትነግራት ድምፅዋን ሰማሁት። «ቅዳሴው ያው ነው፤ ዜማውም ያው ነው» አለች፤ «አንድ ነገር ብቻ አስደነገጠኝ። እዚህ አገር የለችም ያልኳት የልጅነት ጓደኛዬ በሴቶቹ ወገን ቆማ አገኘኋት። ሥራዋ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ማዶ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!»