ከሩቅ የሚመጣው የበዓል ጥቅል

የጌታችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ልደት በምናከብርበት በዚህ ዕለት፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ጠላው ተጠምቆ ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ ከማዕዱ የጎደለው ሰው ስም መነሣቱ አይቀርም። አንዱ ልጅ በዋሽንግተን፣ ሌላይቱ በቤይሩት፣ ሌላው በሮም ይኖራል። ራሳቸው መምጣት ቢያቅታቸው በእነርሱ ፈንታ እንዲገባ የሚልኩት ጥቅል ዕቃ ግን አንዳንዴ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ተቀባዩን ሳያገኝ ወደመጣበት ይመለሳል። ለዛሬው የበዓል ዓምዳችን የመረጥነው ርእሰ ጉዳይ ይኸው የጥቅል ነገር ነው።

በአገራችን ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት የተቋቋመው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱን መልክና የአንበሳ ምስል የያዙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት በፓሪስ ነበር። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች፤ ኅብረቱም በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ልዩ ጉባኤውን በአዲስ አበባ አካሂዷል። እንግዲህ መንገዱ ከተቀየሰ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ጥቅል የሚሰናከለው በመንገድ ርዝመት ብቻ አይደለም። በላዩ ላይ የተጻፈው ስምና ቃልም ያሰናክለዋል።

በመጀመሪያ የስምን ነገር እንመልከት። በባሕር ማዶ ፖስታ ቤት የሚሞላው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ ያለው የራስ ስምና የአባት ስም ነው። ከዚህም ሌላ አንዲት እናት በመታወቂያዋ ላይ በአንድ ስም፣ በሰፈር በቤት ስሟ፣ በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሟ ትጠራለች። ልጅ በናፍቆት የሚጽፈው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን የቤት ስም ሲሆን፣ በፖስታ ቤት መስኮት የሚጠየቀው ግን የመታወቂያው ስም ነው። ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጀምረዋል። በዚህ ምክንያት አረጋዊት እናት ሣጥኑን በዓይናቸው እያዩ «ስሙ አይመሳሰልም» ተብለው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ልጆች የወላጆቻቸውን መታወቂያ ፎቶ ግራፍ አስልከው፣ ስሙን ፊደል በፊደል እንደተጻፈው ይገልብጡት፤ የስልክ ቁጥርም አይርሱ።

የስልኩ ቁጥር ያለ ምክንያት አልተነሣም። በአገራችን መደበኛው ፖስታ ሲደርስ የኖረው ወደ መኖሪያ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀመውም በመሥሪያ ቤት ወይም በዘመድ ሣጥን ነው። ቁልፉን የያዘው ሰው ለበዓል አገር ቤት ሄዶ እንደሆነ፣ ጥቅሉ መድረሱን የሚያበሥረው ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል።

ሁለተኛው የጉምሩክ መግለጫ ነው። ብዙ ላኪዎች «ስጦታ» ብለው ብቻ ያልፉታል። መግለጫው ግን የእያንዳንዱን ዕቃ ዓይነት፣ ብዛት፣ ክብደትና ዋጋ ይጠይቃል። ያልተብራራ ጥቅል ለፍተሻ የተጋለጠ ነው። ከእኛ ወደ ውጭ የሚላከውም ከዚህ ነፃ አይደለም። በአንድ ከረጢት ብቻ የታሰረ በርበሬ ፈንድቶ አዲሱን ነጠላ ቢያቀላው ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ። ቋንጣና ቅቤም በግል ጥቅል ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዳይገቡ ክልክል በመሆኑ፣ የእናት ድካም በጉምሩክ ቤት ተወርሶ ይቀራል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ምዕራባውያን ገናን የሚያከብሩት ከእኛ 13 ቀናት ቀድመው ነው። ለእኛ ገና የታሰበ ጥቅል በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መግቢያ ከተላከ፣ በእነርሱ የበዓል ጥድፊያ መካከል ይወድቃል። የእኛ በዓል ገና ነው ብሎ መዘናጋት ስለዚህ አያዋጣም። ለፋሲካ ማሰብ የሚገባው ከዛሬ ጀምሮ ነው።

ጥቅሉ በመንገድ ላይ ሳለ ቤተሰብ በጭንቀት መኖር የለበትም። የተመዘገበ ጥቅል 13 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ አለው። እነርሱም ሁለት ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞችና የላኪው አገር ምልክት የሆኑ ሁለት ፊደላት ናቸው። ላኪው ይህን ቁጥር ለተቀባዩ ቢያስተላልፍ፣ ዕቃው የት እንደደረሰ ማወቅ ይቻላል። በጥቅሉ ቅጽ ላይም ተቀባዩ ባይገኝ ዕቃው ይመለስ ወይስ ይተው የሚል ጥያቄ አለ፤ እርሱንም ሳይመልሱ ማለፍ አይገባም።

በመስኮቱ ወዲያ ያሉት የፖስታና የጉምሩክ ሠራተኞችም አንድ አደራ አለባቸው። ደንብ መከበር አለበት። ሆኖም በአንዲት ፊደል ልዩነት ሳቢያ እናቶችና አባቶች ከሚንገላቱ፣ ነገሩ የሚጣራበትን መንገድ በትሕትና ማስረዳት ከአገልጋይ የሚጠበቅ ነው።

በመጨረሻም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የላኪና የተቀባይ ሙሉ አድራሻ በወረቀት ተጽፎ በሣጥኑ ውስጥ ጭምር እንዲቀመጥ ይመከራል፤ የውጪው ጽሑፍ ቢቀደድ ባለቤቱ በእርሱ ይታወቃልና። ልጆች ሆይ፣ በዚያው ወረቀት ላይ በእጃችሁ ሁለት መስመር ሰላምታ ጨምሩበት። ሣጥኑ ሲከፈት እናት ከሐር ልብሱና ከሽቶው አስቀድማ የምትፈልገው የልጅዋን የእጅ ጽሑፍ ነው። እርሱ ካለ፣ ጥቅሉ ከበዓሉ ዘግይቶ ቢደርስ እንኳ የደረሰበት ቀን ለዚያ ቤት ሌላ በዓል ይሆናል።

በቅርብም በሩቅም ላላችሁ ሁሉ መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።