በ2፣ በ3 እና በ5 ካልተካፈለስ?

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዋጃ፣ ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎች የአቋራጭ ዘዴ ወረቀት ይቀባበላሉ። ከእነዚያ ዘዴዎች አንዱ በጣም ያናድደኛል፦ «ቁጥሩ በ2፣ በ3 እና በ5 ካልተካፈለ ብቸኛ ቁጥር ነው» ይላል። ብቸኛ ቁጥር፣ ፕራይም የሚባለው፣ ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው።

አባባሉ ስህተት ነው። 91 በሦስቱም አይካፈልም፤ ግን 7 ጊዜ 13 ነው። 119ም 7 ጊዜ 17 ነው። 91/119ን አቃልል የተባለ ልጅ ሁለቱም ብቸኛ መስለውት እንዳለ ይተወዋል። ትክክለኛው መልስ 13/17 ነው። የራሱን መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ሲያጣው ይገምታል። ከማሽላ አጨዳ በተረፈው ሰዓት ያጠና ልጅ ነጥቡን በዚህ ሲጥል ያሳዝናል።

ልጆቹ ማመናቸው አይገርምም። ከ1 በቀር ዘዴው እስከ 48 ድረስ አንዴም አይስትም፤ ከ100 በታች ከ1 ሌላ የሚያሳስቱትም 49፣ 77 እና 91 ብቻ ናቸው። ከየ30ው ተከታታይ ቁጥር ሦስቱ አካፋዮች 22ቱን ስለሚያስወጡ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ጥሩ ነው። እዚያ ላይ አቁሙ ብሎ የሚያስተምር አስጠኚ ግን 49ን እንኳ ሳይሞክር ነው ያስተማረው።

ታዲያ የት ይቆማል? በ2017 ዓ.ም. ባሕረ ሐሳብ ያሰላ ሰው 5500 ደምሮ 7517 ዓመተ ዓለም አግኝቷል። በ19 ሲያካፍለው 12 ይቀረዋል። 7517 ብቸኛ ነው? 87 ጊዜ 87 7569 ነው፤ ስለዚህ 7517 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ አንዱ ከ87 ማነሱ ግድ ነበር። ከ2 እስከ 83 ያሉትን 23 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። አንዱም አያካፍለውም፤ ብቸኛ ነው። ራሱ 2017ም እንዲሁ።

ቁጥሩ ሲተልቅ በትንንሾቹ አለመካፈሉ ምንም ዋስትና አይሰጥም። 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ቁጥር የሒሳብ ሊቁ መርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. ብቸኛ ነው ብሎ ነበር። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በ1876 አለመሆኑን አረጋገጠ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኛቸውም። ኮል የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1903 ሲያወጣቸው ትንሹ 193,707,721 ሆነ።

ቀደም ሲል 1ን ለይቼ ያወጣሁት ብቸኛ ስላልሆነ ነው። ቢሆን ኖሮ 6ን 2 ጊዜ 3፣ 1 ጊዜ 2 ጊዜ 3 እያልን ማለቂያ በሌለው መንገድ እንበትነው ነበር።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 41,024,320 አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ሲገኝ «የመጨረሻው ትልቁ» ተባለ። እስከዚያ ከታወቁት ትልቁ ነው እንጂ መጨረሻ የለም፤ የጥንቱ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት አስረድቶታል። የባንክ ምስጢርም በዚህ ግዙፍ ቁጥር አይጠበቅም። ምስጢር ለመጠበቅ በሚያገለግለው በተለመደው የአርኤስኤ ቁልፍ ውስጥ ያሉት ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች 300 ያህል አሃዝ ያላቸው፣ በምስጢር የሚመረጡ ናቸው።