አንዲት ራጂ ስትላላ

ከጣርማበር ታጥፎ ወደ ሞላሌ የወጣ ሰው የመንዝን ድንጋይ ያውቀዋል። እዚህ ደጋ ላይ የግብርና ባለሙያውም፣ ክትባት ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው የጤና ባለሙያም ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በሞተር ነው።

ታዲያ ስለ ዘይትና ስለ ካንዴላ ስንጨነቅ ራጂን እንረሳለን። የገጠር ሞተር ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ የተወጠረው በ36 ቀጫጭን ራጂዎች ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? አንዷ ስትላላ ድርሻዋን ጎረቤቶቿ ይሸከማሉ። ቀስ በቀስ እነሱም ይበጠሳሉ፤ ቸርኬው ይጣመማል።

ፍተሻው ግን ቀላል ነው። ጎማውን ከመሬት አንሱና እያዞራችሁ እያንዳንዷን ራጂ በትንሽ ቁልፍ መታ አድርጉ። የጠበቀችው ጥርት ያለ ድምፅ ታሰማለች፤ የላላችው «ዱብ» ትላለች። የላላችውን ከቸርኬው ጋር የሚያያይዛትን ዳዶ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁና እንደገና ስሙ። «አንዴ ልገላገል» ብሎ ጥርቅም ማድረግ ቸርኬውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ ጫፏ ወደ ውስጥ ካለፈ ደግሞ ካላማዳሪውን ትበሳለች። ጭቃ ከነካው እጠቡት፤ ዳዶው ከዛገ አይዞርም። የጎማ ነፋስም አታጉድሉ፤ ድንጋዩ ቸርኬውን ያገኘዋል።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ለነገ የተላለፈ ጥገና ብድር መሆኑ ነው። ወለዱን ደግሞ ሁልጊዜ ተበዳሪው አይከፍልም። ሞተሩ መንገድ ላይ ሲቀር፣ ልጇን ታቅፋ ክትባት የምትጠብቀው እናት ትከፍለዋለች።