ሰውን ከጂም ደጃፍ የሚመልሰው ምንድን ነው?

የሰውነት እንቅስቃሴ ለጤና እንደሚጠቅም ያልሰማ ሰው ዛሬ በከተሞቻችን አይገኝም ለማለት ይቻላል። በተለምዶ «ጂም» እየተባለ የሚጠራው የሰውነት ማጠንከሪያ ቤትም በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ተከፍቷል፤ ማስታወቂያው በየፎቁ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ አሠልጣኝም አልጠፋም። እንግዲህ ሰው ጥቅሙን ካወቀ፣ ቤቱም ከቀረበለት፣ እንዳይገባ የሚያግደው ምንድን ነው? በዚህ ወር ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ወደዚህ ምርመራ የመራን አንድ ሕመምተኛ ነው። ዕድሜያቸው ወደ 50 የተጠጋ፣ በቢሮ ሥራ የሚተዳደሩ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰው ወደ እኛ በመጡ ጊዜ መድኃኒቱን ካዘዝንላቸው በኋላ በወረቀት ላይ «ስፖርት ይሥሩ» ብለን ጽፈን አሰናበትናቸው። እርሳቸውም «እሺ ዶክተር» ብለው ሄዱ። (ዶክተር ሳንሆን የጤና መኮንን መሆናችንን ብንነግራቸውም አልተዉትም።) ከስድስት ወር በኋላ ሲመለሱ ክብደታቸው ጨምሯል፤ ስኳሩም አልወረደም። ምክሩን ደገምንላቸው፤ እርሳቸውም «እሺ» የሚለውን ቃል ደገሙልን። በሦስተኛው ጊዜ ግን መምከሩን ትተን «ለመሆኑ ከበሩ ደርሰው ያውቃሉ ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁና ሦስት ጊዜ መሄዳቸውን ነገሩን። በመጀመሪያው ቀን ሙዚቃው ከውጭ ሲሰማቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን የልጃቸው እኩያ የሆኑ ወጣቶች በመስተዋት ፊት ብረት ሲያነሡ አይተው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ደፍረው ገቡ፤ ነገር ግን መዝገብ የያዘችው ልጅ «ለአንድ ወር ነው ወይስ ለሦስት ወር?» ብላ ስትጠይቃቸው «የምጠይቀው ለልጄ ነው» ብለው ወጡ።

እኛ በዚያን ቀን የተረዳነው ነገር ቢኖር፣ ሁለት ጊዜ የጻፍነው ትእዛዝ ከበሩ በዚህ ወገን ስላለው ነገር ምንም የማይናገር መሆኑን ነው።

ሐኪሞች ስለ እንቅስቃሴ አጥብቀው የሚናገሩት እንዲያው ልማድ ሆኖባቸው አይደለም። ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች መርምረው ነበር። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ በአንድ መኪና እየሠሩ ተቀራራቢ ኑሮ ሲኖሩ፣ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመምም በትኬት ቆራጮቹ ላይ አነስ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው እነዚሁ ተመራማሪዎች የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ቢመለከቱ የሾፌሮቹ ሱሪ በወገቡ ሰፋ ያለ ሆኖ አገኙት። ይህ ደግሞ ሾፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራም ሰዎች ነበሩ ይሆን የሚል ጥያቄ አስነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ብዙ ምርመራዎች የሞሪስን ፍሬ ነገር አጽንተውታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየተነጋገሩ ሊሠሩት የሚቻል፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የማይበቃበት ማለት ነው። ከዚህም ጋር በሳምንት 2 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨመር ያዛል። ይኸው ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ በ2022 ከዓለም ጎልማሶች 31 በመቶ የሚሆኑት ከሚመከረው የእንቅስቃሴ ልክ በታች ነበሩ። ለስኳር ሕመምተኛ በተለይ የጡንቻው ሥራ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን በደከመበት ሰው እንኳ ስኳሩን ከደም ውስጥ እየሳበ ይጠቀምበታልና።

ወደ ምክንያቶቹ እንመለስ። ሰው ስለ ጂም ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው ገንዘብንና ጊዜን ነው። ገንዘቡ እውነተኛ ምክንያት መሆኑን አንክድም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያስጨንቀውን ሠራተኛ «ለጤናህ አውጣ» ብሎ መገሠጽ ከቅንነት የራቀ ነው። ነገር ግን ከፍለው የማይሄዱ ሰዎችም አሉ። ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የሚገኙ የ3 ጂሞችን መዝገብ መርምረው፣ በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባሎች በአማካይ የሚሄዱት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ይወጣበታል፤ የ10 ቀን ካርድ ቢገዙ ኖሮ ግን አንዱ ቀን በ10 ዶላር ይሆንላቸው ነበር። እኛም በዚህ ነገር የምንፈርድ ሰዎች አይደለንም። በትምህርት ምክንያት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ በአንድ ጂም የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፍለን፣ በዓመቱ ውስጥ የሄድንበት ቀን ቢቆጠር 11 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ቤቱም ውሉን በሚያስፈርምበት ሰዓት ፈገግታው ብዙ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የት ጠፋችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ስለዚህ የቀን ክፍያ የሚቀበል ቤት ከተገኘ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በቀን መክፈል ከሁሉ ይሻላል እንላለን።

ከገንዘቡ ይልቅ በጣም የበረታው፣ ግን በአፍ የማይነገረው ምክንያት ይሉኝታ ነው። «በዚህ ዕድሜዬ ምን ይሉኛል? ማሽኑን እንዴት እንደሚያስነሡት አላውቅም፤ ብጠይቅ ይስቁብኛል፤ በቁምጣ ሆኜ ጎረቤቴ ወይም አለቃዬ ቢያየኝስ?» የሚለው አሳብ ብዙ ሰው ከደጃፍ መልሷል። (ጂምናዝየም የሚለው ቃል የመጣው «ጊምኖስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ራቁት ማለት ነው፤ የጥንት ግሪኮች ልብሳቸውን አውልቀው ይሠሩ ነበርና። የእኛ ሰው በቁምጣ ማፈሩ ከዚያ ሲታይ የሚያስገርም አይደለም።) ደግሞም አገራችን አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ጀምሮ በሯጮቿ የምትኮራ ስለ ሆነች፣ ስፖርት የሯጭ ሥራ፣ የሌላው ድርሻ ግን ማጨብጨብ ነው የሚል አመለካከት ሳይታወቀን ሠርጾብናል። በዚህ ላይ ሰው ሲወፍር «ተስማማህ» ይባላል፤ ሲቀንስ ግን «ከሳህ፣ ምን ነካህ?» እየተባለ በየመንገዱ ይጠየቃል። ቦርጭ የድሎት ምልክት በሚሆንበት አገር ቦርጩን ለማጥፋት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ለዘመዶቹ ማስረዳት ይቸግረዋል።

በሴቶች ላይ ችግሩ እጥፍ ነው። ከሥራ ወጥታ ወደ ጂም የምትሄድ እናት ቤቷ የሚጠብቃትን ሥራ ማን ሊሠራላት ነው? የልብሱም ነገር አለ፤ ወንድ አሠልጣኝ እያስተካከለ የሚነካት መሆኑም አለ። የሴቶች ሰዓት ለይተው የያዙ ቤቶች ይህን በከፊል አቃለውታል፤ ሴት አሠልጣኝ የቀጠሩትም እንዲሁ። የቤቱን ሥራ ግን ጂሙ ሊያቃልለው አይችልም፤ ይህን የሚያነብ ባል ያስብበት።

ከይሉኝታው አልፎ የገባውን ሰው ደግሞ በሁለተኛው ቀን የሚመልሰው ሕመሙ ነው። ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን በጉጉት ብዙ ይሠራል፤ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፤ «ተጎዳሁ» ብሎም ይቀራል። ይህ ሕመም የሚመጣው ያልለመደው የጡንቻ ጭረት በረቂቁ ሲቆስል ሲሆን፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ በርትቶ በራሱ ይጠፋል። ያንኑ ሥራ በሳምንቱ ቢደግመው ሕመሙ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት «ይህማ ቀለለኝ» እስኪሉ ድረስ ጥቂት ሠርቶ መውጣት ነው። ነገር ግን ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ የሆነበት፣ ወይም በሥራው ላይ ሳለ ደረቱን የጨመደደው ወይም ራሱን ያዞረው ሰው ሥራውን አቁሞ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ሌላው ፍርሃት ብርድ ነው። «አልቦኝ ስወጣ ነፋስ ይመታኛል፤ ምች ይይዘኛል» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንሰማለን። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ በላብ ላይ ያረፈ ነፋስ አይደለም፤ ቢሆንም የረጠበውን ካናቴራ በደረቅ ለውጦ መውጣት ምቾት ስለሚሰጥ ልብሱን መያዝ መልካም ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው «ላቤን በምን ልታጠበው?» ቢል ግን ፍርሃት ሳይሆን እውነት ተናግሯል፤ እንዲህ ያለው ሰው ውሃ የሚመጣበትን ቀን ለስፖርት ቢመርጥ ወይም ገላ መታጠቢያው የሚሠራ ጂም ቢፈልግ ይሻላል። ስለ ሰው ላብ የሚጸየፍም ቢኖር የራሱን ፎጣ በመቀመጫው ላይ ያንጥፍ፤ በመታጠቢያ ቤቱም ነጠላ ጫማ ያድርግ። ጭርትና በእግር ጣት መካከል የሚወጣው ፈንገስ የሚተላለፉት በዚህ ቸልተኝነት ነውና።

በጾም ወራት የሚያቋርጡም ብዙዎች ናቸው። ጤነኛ ሰው ከሚፈታበት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ቀለል ያለውን ሥራ ቢሠራ፣ ከበላም በኋላ ውሃ አብዝቶ ቢጠጣ አይጎዳም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው ግን በባዶ ሆዱ ሲሠራ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ስለ አሠልጣኝ የሚነሣው ጥያቄ «ማንን ልመን?» የሚል ነው፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። የጡንቻው ትልቅነት የዕውቀት ምስክር ወረቀት አይደለም። ጥሩ አሠልጣኝ ብረት ከማስያዙ በፊት ሕመም አለብህ ወይ፣ የምትውጠው መድኃኒት አለ ወይ፣ ጉልበትህንና ወገብህን ያምሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በትንሹ ይጀምራል፤ የሠራኸውን በደብተር ይጽፋል። መርፌና ክኒን የሚያቀርብ፣ በአንድ ወር ቦርጭ አጠፋለሁ ብሎ የሚምል ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለዘወትር የሚሆን ገንዘብ ለሌለው ሰውም ማሽኑንና አቋሙን የሚያሳየው አሠልጣኝ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ብቻ መቅጠር ይበቃዋል፤ ከማፈሩ አብዛኛው የሚመጣው ካለማወቁ ስለ ሆነ በእነዚያ ቀናት ይቀልለታል።

ጂም ፈጽሞ የማይሆንለት ሰው ምን ያድርግ? የ2020ው መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት የሚለውን የቀድሞ ደንብ ትቶታል፤ ስለዚህ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም፣ የቢሮን ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መኪና የማይሄድበት እሑድ በተጀመረ ጊዜ በጂም ደጃፍ አይተናቸው የማናውቃቸው አሮጊቶችና ሕፃናት በአስፋልቱ ላይ እጃቸውን ሲያወናጭፉ አይተናል። በመካከላቸው የሚያፍር አላየንም፤ ሁሉም አላዋቂ ነበሩና። ጡንቻን ለማጠንከርም ከወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳን መግፋት፣ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ማንሣት ለጀማሪ በቂ ነው።

እኚያን ሰው በተመለከተ፣ እኛ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጂሙ ደውለን ሰው የማይበዛበት ሰዓት መቼ እንደ ሆነ ጠየቅንና በወረቀታቸው ላይ «ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በቀን ክፍያ» ብለን ጻፍን። በሥራ ሰዓት መሆኑን አላሰብንም ነበር፤ ከአለቃቸው ጋር ተነጋግረው ከምሳ እረፍታቸው ቀንሰው አንድ ሰዓት ቀድመው እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። ቤታቸው ሄደው ለልጃቸው «ለአንተ ነው ብዬ ጠይቄልሃለሁ» ብለው ነገሩን ሲያጫውቱት ልጁ ስቆ «እንግዲያው አብረን እንሂድ አባዬ» አላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲመጡ ስኳራቸው ጥቂት ወርዷል፤ የግፊቱን ክኒን ግን አላስተዋቸውም፤ ይውጡት ብለናል። ልጁ አሁን ሥራ በዝቶበት ቀርቷል፤ እርሳቸው ብቻቸውን ይሄዳሉ። ሙዚቃውን ግን ዛሬም አልወደዱትም፤ መዝገብ የያዘችው ልጅ እርሳቸው ሲገቡ ዝቅ ታደርግላቸዋለች።