ፍርስራሽ የምንለው ጠጠር

መስቀልና አረፋ በመጡ ቁጥር ለበዓል አገሩ የሚገባ ጉራጌ ወልቂጤንና ቡታጅራን ተለውጠው ያገኛቸዋል። የድሮው ሱቅ ፈርሶ ጂ+4 ወጥቶበታል። የፈረሰው ግን የት ገባ? ፌሮው በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይወጣና ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣል፤ ቆርቆሮውም በሩም ገዢ አያጣም። ኮንክሪቱ ብቻ በሲኖትራክ ተጭኖ ገደል ይደፋል። ባለቤቱም ወዲያው ከካባ አዲስ ጠጠር ያስጭናል።

ኮንክሪት ማለት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ነው። ከይዘቱ ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው አሸዋና ጠጠር ነው፤ ሲፈርስም የትም አይሄድም። ፌሮውን ማውጣት፣ መፍጨት፣ በወንፊት በየመጠኑ መለየት ብቻ ነው። ለመንገድ መደልደያና ለወለል ሥር ሙሌት ያለ ብዙ ጣጣ ይሆናል። ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተሞቻቸውን ፍርስራሽ ፈጭተው ብሎኬት ሠርተውበታል።

እኛ ዘንድ «ያረጀ ኮንክሪት ደክሟል» የሚለው አባባል ሥር ሰዷል። አልደከመም። ኮንክሪት በ28 ቀኑ ይፈተናል እንጂ እርጥበት እስካገኘ ድረስ ከዚያም በኋላ ይጠነክራል። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ቁራጭ አንስታችሁ እዩት፦ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ግራጫ የሲሚንቶ ልባስ ተጣብቋል። ደረቁን እንዳለ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ከልባሱ ጥቃቅን አረፋ ሽቅብ ይወጣል። ቡታጅራ ዙሪያ የሚቆፈረውን ቀይ አሽ የሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። ከካባ የመጣ ጥሩ ጠጠር 100 ኪሎው 1 ሊትር ገደማ ቢጠጣ፣ የተፈጨው ኮንክሪት 6 ሊትር ሊጠጣ ይችላል።

ጥፋቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ጠጠሩ ደረቁን ሚክሰር ይገባል፤ ውሃውን ሲመጥ ቡኮው ይደርቃል፤ ሠራተኛው ጎማውን ይለቅበታል። የሚጨመረው በግምት ነውና ትርፉ ከሲሚንቶው ጋር ይቀራል፤ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ኮንክሪቱም ይላላል። ከዚያ ወቀሳው በአሮጌው ጠጠር ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጠጠሩን ከዋዜማው በደንብ አርሱት፤ ጠዋት ላዩ ጠፈፍ፣ ውስጡ ጥግብ ብሎ ይጠብቃችኋል። የሚክሰሩን ውሃ ከልኩ አታሳልፉ። ሲፈጭ የሚወጣውን ዱቄት ደግሞ በአሸዋ ፋንታ አታስገቡት፤ አብዛኛው ያው ልባስ ስለሆነ ከሁሉ በላይ የሚጠጣው እሱ ነው።

አፍራሾችንም ሳልወቅስ አላልፍም። ኮርኒሱን፣ መስታወቱን፣ አፈሩን ከኮንክሪቱ ጋር ባንድ ክምር የምትደፉ ሰዎች፣ ጀሶ ቀልድ አይደለም፤ አዲስ ኮንክሪት ውስጥ ከገባ ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ያብጣል፣ ይሰነጥቃል። ጀሶው መጀመሪያ ይውረድ፤ ኮንክሪቱ ለብቻው ይከመር።

የተፈጨውን ኮንክሪት ለኮለንና ለቢም ያለ መሐንዲስ ፈተና አትጠቀሙበት። በብዙ አገሮች ከደቃቁ ውጭ ካለው ጠጠር እስከ 30 በመቶውን በዚህ መተካት የተለመደ ነው። ለግቢ ንጣፍ፣ ለእግረኛ መንገድና ለአጥር ብሎኬት ግን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። ቤት ልታፈርሱ ከሆነ ከአፍራሹ ጋር ስትዋዋሉ ፌሮው የማን እንደሚሆን ብቻ አትነጋገሩ፤ ኮንክሪቱም ተለይቶ እንዲቀመጥላችሁ አስጽፉ።